የሐሙስ ሙግት

በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ክብሪት» ነበረች። ቅጽል ስሙ በክፋት የወጣላት አይደለም። የሚጭራት ነገር ብዙ ስለነበረ ነው፤ ያልታጠበ የሻይ ኩባያ፣ «በግምት» የሚል ቃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «አንቺ እኮ ሴት ሆነሽ እንኳ» ብሎ የሚጀምር ሙገሳ።

የዶክትሬት ጥናቷ በቁጥጥር ምሕንድስና ነበር። ለማያውቀው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ልጆች መጥረጊያ በመዳፋቸው ላይ ያቆሙ የለ? መጥረጊያው ወደ ግራ ሲያዘነብል እጃቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ይወስዳሉ። እሷም ይህንኑ ማሽን ታስተምር ነበር። በመዳፍ ፈንታ በአጭር ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ ጋሪ፣ በመጥረጊያ ፈንታ የአልሙኒየም ዘንግ፣ በዓይን ፈንታ ሴንሰር አላት። ችግሩ የሴንሰሩ ወሬ ለሞተሩ የሚደርሰው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ጋሪው ዘንጉ አሁን ወዳለበት ሳይሆን ቅድም ወደነበረበት ይሮጣል፤ ሊያድነው የተጣደፈውን ዘንግ ራሱ ይጥለዋል። ይህን የሚያስቀር ሕግ ማግኘት፣ ሕጉም መሥራቱን በሒሳብ ማረጋገጥ፤ ዶክትሬቷ ይኸው ነበር።

ዘንጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕለት ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ስታየው በሩ ተከፈተና አንድ ቀጭን ረዥም ሰው አንገቱን አስገባ።

«ፕሮፌሰሩን ፈልጌ ነበር።»

ዓይኗን ከዘንጉ አላነሣችም። ሰውየው ግራ ቀኙን አየ። ግድግዳው ላይ የሚንጫጫውን ማራገቢያ ሰማና፣ ደግ የሠራ መስሎት፣ አጠገቡ ያለውን ማጥፊያ ተጫነ። ማራገቢያው ዝም አለ። በዚያው ማጥፊያ የሚሠራው ሞተርም ዝም አለ። ዘንጉ ቋ ብሎ ሐዲዱ ላይ ተዘረረ።

«እጅህን ማን ላከው?» ብላ ብድግ አለች። «የሰው ክፍል ገብተህ መብራት ታጠፋለህ? ሳሎንህ መሰለህ? ስንት ወር የለፋሁበትን በአንድ ጣት!»

ሰውየው እጁን ወደኋላ አጣምሮ እስክትጨርስ ጠበቀ። ትንፋሽ ልትወስድ ስታቆም፣

«ማጥፊያውን ከመንካቴ በፊት መውደቅ ጀምሮ ነበር» አላት፣ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?»

«ጋሪው ሲመላለስ አየሁት። እያንዳንዱ ምልልስ ከፊተኛው ሰፋ ይል ነበር። ማጥፋቴ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ። ግን ለምንድን ነው የሚሰፋው?»

አስወጣችው። በሩን ዘግታ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ሥዕል ከፈተች። መስመሩ እንደ ማዕበል ወጣ ገባ ይላል፤ እያንዳንዱ ማዕበል ከፊተኛው ይበልጣል። ማራገቢያው ቢበራም ባይበራም ዘንጉ ወዳቂ ነበር። የተናደደችው በእሱ ይሁን በራሷ ለጊዜው መለየት አቃታት። በሩን ስትከፍት ሰውየውን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«ና ግባ» አለችው። «ማራገቢያውን ግን እንዳትነካ።»

ጥናቱን ሊጨርስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እሱ ማሽን አይነካም፤ ሥራው በሰሌዳና በጠመኔ ነው። ከተጠየቀ ይመልሳል፣ ካልተጠየቀ ያዳምጣል፤ ስለዚህ ሳምንት ሳይሞላው «ጭምቱ» ተባለ።

የፕሮፌሰሩ ቤተ ሙከራ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረው፤ የሐሙስ ሙግት። ማንም ሰው ሥራውን ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ይዘረጋዋል፤ ከባልደረቦቹ አንዱ ደግሞ ተነሥቶ ሥራውን ለመግደል ይሞክራል። «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ነው። «እዚህ እኛ ካልገደልነው» ይሉ ነበር ሽማግሌው መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ውጭ የማያውቃችሁ ሰው ይገድለዋል። እዚያ ደግሞ አልቃሽ እንኳ የላችሁም።»

በሙግት ጭምቱ ጭምት አልነበረም። ድምፁን ሳይጨምር፣ ፊቱን ሳያጠቁር ሰው ሥራ ላይ ይቆምና እስኪፈርስ ወይም እስኪጸና አይወርድም። ሮቦት የሚሠራውን ባልደረባቸውን አንድ ሐሙስ አፈር አስበላው። ሮቦት ሠሪው ለሁለት ቀን አላናገረውም፤ በሦስተኛው መጥቶ «ልክ ነበርክ፣ አንተ እርጉም» አለው።

ክብሪትና ጭምቱ አብረው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ መሄድ የጀመሩት ከጥያቄ የተነሣ ነው። ጥያቄው ደረጃው ላይ ይጀመርና በሩ ጋ አያልቅም፤ መንገዱ ላይም አያልቅም።

«ደህና ዋልሽ አይባልም እንዴ መጀመሪያ?» ይላታል።

«ብውል ባልውል ምን ያደርግልሃል? ጥያቄውን አምጣ።»

ቆንጆ ነሽ ብሏት አያውቅም። አንድ ቀን ግን አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ይዞ ቆሞ፣ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ትናንት ካሳየሽኝ ውስጥ ስድስተኛው መስመር ያምራል» አላት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ሳቀች። ቤቷ ደርሳ እጇን ስትታጠብ መስተዋቱ ውስጥ ገና ፈገግ እንዳለች አየችና ተናደደች።

ከዚያ ዝናብ የጣለበትና መብራት የጠፋበት ከሰዓት መጣ። ዘንጉ ተጋድሟል፤ ኮምፒውተሮቹ ጨልመዋል። ሁለቱ መስኮቱ ጋ ቆመው ውሃው በመስተዋቱ ላይ ሲወርድ ያያሉ። እጁ እጇን መቼ እንደያዘው ሁለቱም አላስተዋሉም።

«እኔ እዚህ ስጨርስ፣ አንቺ ያለሽበት ከተማ ሥራ ባገኝና...» ብሎ ቆመ።

«ዐረፍተ ነገሩን ጨርሰው።»

«ማረጋገጫ የለኝም። ግምት ነው።»

«ግምት እንደምጠላ ታውቃለህ» አለችው። እጇን ግን አላወጣችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ጭምቱ ተለወጠ። ቦርሳዋን ይቀበላታል። «ደከመሽ?» ይላታል። ሥራዋን ስታሳየው «ጎበዝ» ይላታል። መጠየቅ አቆመ። እሷም ይህን ያወቀችው ግድግዳ ላይ ያለ ሰዓት መቆሙ እንደሚታወቀው ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

የመመረቂያዋ ቀን ተቆረጠ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ለልጃቸው ቀሚስ ጀምረው ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የዶክተሯ ነው» እያሉ ያሳያሉ። የቀረው የጥናቱ ዋና ማረጋገጫ በሐሙስ ሙግት ማለፍ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ራሷ ቀዳዳውን አገኘችው። ዘጠነኛው መስመር ላይ ነበር። ወሬ ሁሉ በተላከበት ቅደም ተከተል ይደርሳል ብላ ሳታስበው ተቀብላለች። ወሬው ከሴንሰሩ ወደ ሞተሩ የሚሄድበት እውነተኛ ኔትወርክ ግን እንዲህ አይደለም፤ ኋላ የተላከው ቀድሞ ሊደርስ፣ ቀድሞ የተላከው ኋላ መጥቶ አዲሱን ሊሽር ይችላል። ያኔ ዘጠነኛው መስመር ይፈርሳል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ አብሮት ይወርዳል። ለማንም አልተናገረችም። ልቧ ሁለት ቦታ ነበር፤ ግማሹ ማንም ባያየው ይላል፣ ግማሹ «እሱ ያየዋል፤ አይቶም ዝም አይልም» ይላል።

ሐሙስ ፕሮፌሰሩ ተሟጋች አድርገው ጭምቱን ጠሩት።

እሷ መስመር በመስመር ጻፈች። ዘጠነኛውን ጽፋ ዞር ስትል ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ተተክሎ አየችው። ቅንድቡ ተሰበሰበ። ጠመኔ የያዘ እጁ ከወገቡ ከፍ አለ፤ ዓይኑ ከሰሌዳው ወደ ፊቷ መጣ፣ ፊቷ ላይ ቆየ። ከዚያ እጁ ወረደ።

«ሁለተኛው ላይ ምልክቱ ግልጽ አይደለም» አለ። «ሌላው... ሌላው የሚሄድ ይመስለኛል።»

አጨበጨቡላት። ፕሮፌሰሩ «እንግዲህ አልሞተም» ብለው ቆባቸውን አነሡ።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«አይተኸዋል።»

«ምኑን?»

«እንደ ሕፃን አታጫውተኝ! ዘጠነኛውን።»

«አይቼዋለሁ» አለ።

«እና?»

«ቀኑ ተቆርጧል። እናትሽ ቀሚሱን... በኋላ ለብቻችን እነግርሻለሁ ብዬ ነው። በሰው ፊት እንዳትሰበሪ።»

«ሮቦት ሠሪውን በሰው ፊት አፈር አስበላኸው የለ! እሱስ አይሰበርም?»

«እሱን አልወደውም።»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ መወደዱ ይቅርብኝ» አለችው።

ይህን ንዴት አጉል የሚል አይጠፋም። አጉል አልነበረም። ከልጅነቷ ጀምሮ መንገዷ ላይ የተነጠፈላት ይኸው ደግነት ነበር። ለእሷ ሲሆን ቀላሉን ጥያቄ የሚያወጣ አስተማሪ ነበር፤ «ይሄ ከባድ ነው፣ ለወንዶቹ ተይው» የሚል የቡድን አለቃ ነበር፤ ሳትወድቅ በፊት «አይዞሽ» የሚል ዘመድ ነበር። ያ ሁሉ ደግነት ተጨምቆ ሲወጣ አንድ ቃል ነው፤ አትችይም። ይህን ቃል ከማንም ችላዋለች። በዓለም ላይ ሳይራራላት ጠይቋት ከሚያውቀው ከአንዱ ሰው ግን መጣባት።

«አንቺስ?» አላት፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ብሎ። «አንቺም አይተሽዋል። አጻጻፍሽ ያስታውቃል፤ እሱ መስመር ላይ ስትደርሺ ፈጠንሽ። እያወቅሽ ለምን ጻፍሽው?»

«ትናገራለህ ብዬ አምኜህ!»

«ይሄ ማመን አይደለም። ወጥመድ ነው።»

እውነቱን ነበር። እውነቱን በመሆኑ ይበልጥ ተቃጠለች። ትታው ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች።

«አልሞተም ያሉት ሞቷል» አለቻቸው። ዘጠነኛውን መስመር አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ብዙ አዩትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን አገኘው?»

«እኔ።»

«ጭምቱ አላየውም?»

«እሱን ይጠይቁት።»

የመመረቂያው ቀን ተሰረዘ። እናቷ የስፌት መኪናቸው ላይ እንደተቀመጡ ሰሟት፤ ቀሚሱ ጥጉ ላይ ተሰቅሏል፣ አንድ እጅጌው ገና በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ስንት ሰው አየብሽ ይሄን ስሕተት?»

«ከራሴ ሌላ አንድ ሰው።»

«እና ምን ያስጮህሻል ታዲያ? እኔ ደንበኛዋ ካላየችው አልፈታም። ገልብጬ እሰፋዋለሁ፣ ለብሳው ትሄዳለች፣ ትመርቀኛለች።»

«እማዬ፣ ይሄ ቀሚስ አይደለም።»

«ቀሚስ ቢሆንማ በደረሰ ነበር!» አሉና ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ጎንበስ እንዳሉ፣ «ያየው ሰው ማን ነው?» አሉ።

«አንድ ሰው ነው። አግቢኝ ሊለኝ ምንም አልቀረው። አሁን ተጣልተናል።»

እናቷ መኪናውን አቆሙ። ሌላ ግን አልጠየቁም።

ጭምቱ የራሱን ጥናት ጨርሶ ነበር። ሌላ ከተማ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ውስጥ፣ የፓምፖቹን ቁጥጥር የሚመራበት ሥራ አገኘ። የሚሄድ ዕለት ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆመ። እሷ ጀርባዋን እንደሰጠች ሽቦ ትበይዳለች።

«ልሄድ ነው።»

«መልካም መንገድ።»

«ዘጠነኛው መስመር...»

«እንዳትነግረኝ!» ብላ ዞረች። «እኔው እደርስበታለሁ።»

«ልነግርሽ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቤበት ሊፈታልኝ አልቻለም ልልሽ ነው። ከባድ ነው። ላንቺ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከባድ ስለሆነ።»

ከመስኮቱ ዕለት ወዲህ ስለ ሥራዋ ሳይራራላት የነገራት የመጀመሪያው እውነት ይኸ ነበር። መበየጃውን አስቀምጣ ስትነሣ በሩ ባዶ ነበር።

አልደወለችም። እሱም አልደወለም። ሁለቱም ኩሩ ነበሩ፤ ኩራት ደግሞ በስልክ አይቀልም። እሷ ሠራች። እያንዳንዱ ወሬ የተላከበትን ቅጽበት ይዞ እንዲመጣ፣ ዘግይቶ የመጣ አሮጌ ወሬ አዲሱን እንዳይሽር አደረገች። ማረጋገጫውን ከሥሩ ነቅላ እንደገና አቆመችው። ይህን ስትሠራ ተሟጋች አልነበራትም፤ ስለዚህ እሱን ሆና ራሷን ትጠይቅ ነበር፣ በዚያው በማይቸኩል ድምፅ። አንዳንዴ ጥያቄው እንዳላለቀ ትመልስና የሚያደምጣት እንደሌለ ትዝ ይላታል።

ዝናቡ ወጥቶ፣ ብርዱ አልፎ፣ ቀኗ መጣ።

አዳራሹ ትንሽ ነው። ከፊት ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። እናቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የእጅ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከሚባለው አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ ለሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ክብሪት ቀሚሱን ለብሳለች። ተናገረች፤ ፈታኞቹ ጠየቁ፤ መለሰች። ሰብሳቢው፣ ማንም እንደማይጠይቅ የሚያውቅ ሰው በሚጠቀምበት ድምፅ፣ «ከታዳሚ ጥያቄ ይኖር ይሆን?» አሉ።

ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። የጉዞ ሻንጣ እግሩ ሥር ነበር።

«በሦስተኛው ምዕራፍ» አለ ጭምቱ፣ ተነሥቶ፣ «ሞተሩ የታዘዘውን ኃይል ሁልጊዜ ይሰጣል ብለዋል።» አንቱ አላት። «እውነተኛ ሞተር ግን አቅም አለው። ዘንጉ ብዙ ካዘነበለ የሚፈለግበትን መስጠት አይችልም። የጥናትዎ ርዕስ ግን ‹ከማናቸውም ማዘንበል› ይላል። የዚህ ማረጋገጫ የታለ?»

እናቷ ዞረው በዓይናቸው ወጉት። ክብሪት ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲግል ተሰማት፤ የምታውቀው ንዴት መሰላት፣ ግን አልነበረም።

«የለም» አለች። «ለማናቸውም ማረጋገጫ የለኝም። ግን የት ድረስ እንዳለኝ አውቃለሁ።» ጠመኔ አንሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች፤ ዘንጉ የማይወድቅበትን ክልል በአንድ የተዘጋ መስመር ሣለች። «ከዚህ ውስጥ አይወድቅም። ከዚህ ውጭ ምንም አልልም።»

«ክልሉ ከየት መጣ?»

«ከሞተሩ ከፍተኛ አቅም። ይኸው ስሌቱ።»

«የሐዲዱ ርዝመትስ?»

«ገብቷል። አባሪው ላይ አለ። ካላነበቡት ቁጭ ብለው ያንብቡት።»

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ግን አልተቀመጠም። «እንግዲያው ርዕሱ ከማረጋገጫው ይበልጣል» አለ።

«ወንድሜ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ከየትኛው ተቋም ነው የመጡት?»

«ከውሃ ማጣሪያ።»

ፈታኞቹ ወጥተው ተመለሱ። አለፈች፤ ለዚያውም በሙሉ ድምፅ። አንድ ነገር ብቻ አዘዙ፤ ከርዕሱ ላይ «ማናቸውም» የሚለው ቃል ይውጣ።

ኮሪደሩ ላይ እናቷ ቀድመው ደረሱበት።

«አንተ ልጅ! ልጄ ምን በደለችህ? እነዚያ ትልልቆቹ ሰዎች በሰላም ጠይቀው ሲጨርሱ አንተ ምን ቤት ነህ? ምን ልሁን ብለህ ነው የተነሣኸው?»

«እማዬ፣ ተይው» አለች ክብሪት ከኋላ። «እሱ ነው።»

«እሱ ማን?»

«ያ የነገርኩሽ።»

እናቷ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ይሄ? ይሄ እንኳን ሊያገባሽ፣ ሊጥልሽ ነው የመጣው!»

«ለዚያ እኮ ነው» አለች። ወደ እሱም ዞረች። «ርዕሴን ቆረጥክብኝ።»

«ከሥሩ ስምሽ አለ» አላት። አንቱታው ቀርቶ ነበር። «ስምሽ ካለበት ላይ ያልተረጋገጠ ቃል አይቼ ዝም ማለት ድጋሚ አልፈለግኩም።»

«እኔም ወጥመድ አላጠምድም። ካሁን በኋላ ያገኘሁትን ቀዳዳ ራሴ እናገራለሁ። መስኮቱ ጋ የጀመርከው ግምት ነበር።»

«አለ።»

«ማረጋገጫ አገኘህለት?»

«የለኝም። ሥራ ግን እዚህ ከተማ ጠይቄያለሁ።»

ተያዩ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ይመላለሳል፣ በር ይከፈታል ይዘጋል። እናቷ ይህን መተያየት ገመገሙትና ሰውየውን ሊፈትኑት ቆረጡ።

«ይሄን ሁሉ የምታይ ከሆነ» አሉት፣ ልጃቸውን በክንዷ ይዘው ወደ ፊት ገፋ እያደረጉ፣ «እስቲ ቀሚሱስ? የኔ ሥራ ነው። እንዴት ነው?»

ጭምቱ አየ። ትከሻውን አየ፣ ወገቡን አየ፣ እጅጌዎቹን አየ። ቅንድቡ ተሰበሰበ። ዓይኑ ወደ ክብሪት መጣ፣ ፊቷ ላይ ቆየ።

«ያምራል» አለ። «የግራው እጅጌ ግን ከቀኙ ያጥራል።»

እናቷ ሁለቱን እጅጌዎች ጎን ለጎን አድርገው ሳቡ፤ ሳያስፈልጋቸው፣ ምክንያቱም ያውቁት ነበር።

«ማንም አያየውም ብዬ የተውኩት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በቅሬታ።

ክብሪት ሳቀች፤ ከአውቶቡሱ ቀን ወዲህ እንዲያ ሆና ስቃ አታውቅም። እናቷ ቦርሳቸውን ከፍተው መቀስ አወጡ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጧትና፣ «ያዝ እዚህ ጋ» አሉት ሰውየውን፣ የእጅጌውን ጫፍ ጣቱ ውስጥ እየከተቱ፤ «እንዳይወዛወዝ።»

ያዘው። እናትየውም ስፌቱን መፍታት ጀመሩ።